«ካልሆነስ ለምን ተመለሺ ትይኛለሽ?»

ድሬዳዋ በምሠራበት የአልትራሳውንድ ክፍል ውስጥ አንዲት እናት የጠየቁኝ ጥያቄ ከወራት በኋላም አልለቀቀኝም። «ካንሰር ከሆነ ለምን አይቆረጥም? ካልሆነስ ለምን ተመለሺ ትይኛለሽ?» ነበር ያሉኝ። በሥራዬ ብዙ ጥያቄ ይቀርብልኛል፤ አብዛኛውንም እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ። ይህኛው ግን የሙያዬን መሠረት የሚነካ ሆኖ ስላገኘሁት፣ በዚያች ሰዓት በአጭሩ የመለስሁላቸውን እዚህ ሰፋ አድርጌ ላስቀምጠው ወደድሁ። ታሪካቸውን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ ማንነታቸውን የሚጠቁመውን ሁሉ ግን ትቼዋለሁ።

እኚህ እናት ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ይጠጋል። ብዙ ዘመናቸውን ቀፊራ ገበያ ቅመማ ቅመም ሲሸጡ ኖረዋል፤ ያደጉት ግን ከቁልቢ ወዲያ ባለው ደጋ ነው። አንገታቸው በቀኝ በኩል ማበጥ የጀመረው ገና በልጃገረድነታቸው ነበር፤ እናታቸውም አክስታቸውም እንቅርት ስለነበረባቸው በቤታቸው ማንም እንደ በሽታ አልቆጠረውም። ወደ ሕክምና ያመጣቸው እንቅርቱ ሳይሆን አልለቅ ያላቸው ሳል ነው። ስለ ሳሉ የመረመራቸው ሐኪም አንገታቸውን ዳሰሰና የአልትራሳውንድ ትእዛዝ ጻፈላቸው። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኸው ነው ልጄ፣ ለሳል መጥቼ ካንሰር ሊያወሩኝ ነው» እያሉ ነበር ሻሻቸውን የፈቱት።

በጀርባቸው ተኙ፤ ከትከሻቸው ሥር ትራስ አስገብቼ አንገታቸው ወደ ኋላ እንዲለጠጥ አደረግሁ። ክፍሉን የድሬ ሙቀት ሞልቶት ሳለ ጄሉ ቀዝቅዞ ስለነካቸው ደንገጥ አሉ። እንቅርት ለሚወጣበት የአንገት ዕጢ፣ ለታይሮይድ፣ የምንጠቀምበት ፕሮብ (በቆዳ ላይ የምናንሸራትተው የማሽኑ ክፍል) ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ድምፅ የሚልክ ነው፤ እንዲህ ያለው ድምፅ ወደ ሰውነት ጠልቆ አይሄድም፣ ከቆዳ ሥር ብዙም ያልራቀውን ይህን ዕጢ ግን በሚሊሜትር ደረጃ አጥርቶ ያሳያል። የቀኙ እብጠት ወደ አራት ሳንቲሜትር ይጠጋል። ለዓይን የሚታየውም፣ ልጆቻቸው ይነሣልን የሚሉትም ይህኛው ነው። በስክሪኑ ላይ ሳየው ግን ውስጡ ከዳር እስከ ዳር በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ፣ በደንብ የቦካ እንጀራ ዓይን የመሰለ ነበር። እንዲህ ያለ ኖዱል (በዕጢው ውስጥ የሚወጣ ጓጎላ) ትልቅም ቢሆን ካንሰር ሆኖ የሚገኘው እጅግ አልፎ አልፎ ስለሆነ ለካንሰር ጥርጣሬ ተብሎ ናሙና የሚቀዳበት መርፌ አይገባበትም። የአየር ቧንቧቸውም በእብጠቱ አልተገፋም፤ ስለዚህ የሳሉ ምክንያት ሌላ ቦታ መፈለግ ነበረበት።

ፕሮቡን ወደ ግራ ሳሻግር ማንም በእጁ ያላገኘው ሌላ ነገር ታየኝ። ርዝመቱ 12 ሚሊሜትር ነው። ውሃ አልቋጠረም፣ ድፍን ነው፤ ከዙሪያው ካለው ጤነኛ የዕጢው ክፍል ይልቅ ጠቆር ይላል። ጠርዙ ለስላሳ ነው፤ ስፋቱ ከቁመቱ ይበልጣል፤ በውስጡ የሚያበራ ነጭ ነጠብጣብ አይታይም። የአንገታቸውን ንፍፊቶች በሁለቱም በኩል ከመንጋጋ ሥር እስከ ማጅራት አጥንት ዳርቻና እስከ ደረት መግቢያ ድረስ ተከትዬ አየሁ፤ የሚያጠራጥር አላገኘሁም። ያችን ትንሽ ጥቁር ነገር ደግሜ ደጋግሜ ለካኋት።

ጂቡቲ የሚሠራው ልጃቸው በስልክ ላይ ነበር፤ ድምፁን ከፍ አድርገው ከትራሱ አጠገብ አስቀምጠውታል። «እማዬ፣ ይውጣ በቃ! ብሩን እኔ እልካለሁ፤ አዲስ አበባ ሄደሽ ሁሉንም ያውጡልሽ» ይላል። እኔም የቀኙ እንደማያሰጋ፣ የግራው መጠነኛ ጥርጣሬ እንዳለበት፣ ነገር ግን በዚህ መጠን ላይ ሳለ ናሙና እንደማይወሰድለትና ከዓመት በኋላ ተመልሰው እንዲታዩ ነገርኋቸው። ያን ጊዜ ነው በክርናቸው ተደግፈው ቀና ብለው ያን ጥያቄ የጠየቁኝ። በጥያቄው ውስጥ ያሉት በሮች ሁለት ብቻ ናቸው። እኔ የሰጠኋቸው መልስ ደግሞ በአንዱም አልገባ አላቸው፤ ካንሰር ነው አላልሁም፣ አይደለም ብዬም አላሰናበትኋቸውም።

ማሽኑ የሚያየውና የማያየው

ብዙ ሰው አልትራሳውንድ ካንሰርን «ያሳያል» ብሎ ያስባል። እርግጡን ለመናገር ማሽኑ ካንሰርን አይቶ አያውቅም። ድምፅ ይልካል፣ ተንጸባርቆ የተመለሰውን ይቀበላል፣ ብዙ የመለሰውን ነጭ፣ ትንሽ የመለሰውን ጥቁር አድርጎ ይሥላል። ካንሰር የሚባለው ነገር የሴልና የሕብረ ሕዋስ ጉዳይ ነው፤ የሚረጋገጠውም ፓቶሎጂስቱ፣ ማለትም የናሙና መርማሪው ሐኪም፣ በማይክሮስኮፕ ሥር ሲያየው ነው። እኛ የምንሰጠው የመልክ ምስክርነት ነው፦ እንዲህ ዓይነት መልክ ካላቸው ኖዱሎች መካከል ስንቶቹ ካንሰር ሆነው እንደተገኙ ከዚህ በፊት ከተመረመሩት ተነሥተን እንናገራለን። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በዚህ እናት አንገት ላይ ያለችው የዚህች አንዲት ኖዱል ነገር ግን በመልኳ ብቻ አይቆረጥም።

የኖዱሉን ብዛት ያስተዋለ ሰው ለምን ይህን ያህል እንደምንጠነቀቅ ይገባዋል። በእጅ ዳሰሳ ብቻ ከተፈለገ ከመቶ አዋቂዎች ከአራት እስከ ሰባት በሚሆኑት ላይ የታይሮይድ ኖዱል ይገኛል። በአልትራሳውንድ ከተፈለገ ግን ቁጥሩ ብዙ እጥፍ ያድጋል፤ ዕድሜያቸው ከፍ ባሉ ሴቶች ዘንድ ከግማሽ በላይ የሚደርስበት ጊዜ አለ። አብዛኞቹ ባለቤታቸውን ሳይጎዱ አብረውት ኖረው አብረውት የሚያልፉ ናቸው። ስለዚህ «ኖዱል አለ» የሚለው ግኝት ብቻውን የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ቁም ነገሩ የትኛው በመርፌ ይታይ፣ የትኛው በጊዜ ይጠበቅ፣ የትኛው ጨርሶ ይተው የሚለው ላይ ነው።

ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀው ዘዴ ታይራድስ ይባላል። የመጀመሪያውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2009 ያቀረቡት የቺሊ ሐኪሞች ሲሆኑ፣ እኔ የምጠቀምበት የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣውን ነው። የሚጠይቀው አምስት ነገር ነው፦ ውስጡ ከምን ተሠራ፣ ምን ያህል ጠቆረ፣ ቅርፁ እንዴት ነው፣ ጠርዙ ምን ይመስላል፣ በውስጡ የሚያበራ ነጥብ አለ ወይ። ለእያንዳንዱ መልስ ነጥብ አለው። የእሳቸው የግራ ኖዱል ድፍን በመሆኑ ሁለት፣ በመጥቆሩ ሁለት አገኘ፤ በሌሎቹ ሦስቱ ምንም አልተጨመረበትም። ድምሩ አራት ነው፤ ይህም ደረጃ አራት፣ መጠነኛ ጥርጣሬ ማለት ነው። ወደ ቆዳው አቅጣጫ ያለው ቁመቱ ከጎን ስፋቱ በልጦ ቢሆን ኖሮ በዚያች ምልክት ብቻ ሦስት ነጥብ ተጨምሮበት ወደ ደረጃ አምስት ይሻገር ነበር፤ ቁመቱን ጠብቆ የሚያድግ ኖዱል የሕብረ ሕዋሱን ተፈጥሯዊ አነባበር ሰንጥቆ እየሄደ ሊሆን ስለሚችል ነው። ጥቃቅን የሚያበሩ ነጠብጣቦችም እንዲሁ ሦስት ነጥብ አላቸው፤ ፓፒላሪ በሚባለው የታይሮይድ ካንሰር ውስጥ በብዛት ከሚታዩት ጥቃቅን የካልሲየም ክምችቶች ጋር ስለሚያያዙ።

ከነጥቡ ቀጥሎ መጠኑ ይመጣል። ለደረጃ አምስት መርፌ የሚታዘዘው ከ1 ሳንቲሜትር ጀምሮ፣ ለደረጃ አራት ከ1.5፣ ለደረጃ ሦስት ከ2.5 ሳንቲሜትር ጀምሮ ነው። ጥርጣሬው ሲቀንስ ትዕግሥቱ ይጨምራል። የዚህች እናት ኖዱል በደረጃ አራት ሆኖ 12 ሚሊሜትር ስለሆነ ለመርፌው አልደረሰም፤ ክትትል ከሚጀመርበት 1 ሳንቲሜትር ግን አልፏል። እንግዲህ «ለምን ተመለሺ ትይኛለሽ» ያሰኛቸው ይህ በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ጠባብ ቦታ ነው።

ከመቶ ዘጠኝ

ጥያቄያቸውን ሰምቼ ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞርሁት። ይህን ሁልጊዜ አላደርገውም፤ ሥዕሉን ማንበብ የማይችል ሰው ጥቁር ነገር ባየ ቁጥር ሊፈራ ይችላል። በዚያ ቀን ግን ያለዚያ የምናገረው ሁሉ ባዶ ቃል የሚሆንባቸው መሰለኝ። ትልቁን አሳየኋቸው፣ ቀጥሎ ትንሿን። ከዚያም ቁጥሩን ነገርኋቸው። ከ3,000 በላይ ኖዱሎችን የገመገመ አንድ ጥናት እንዳሳየው ደረጃ አንድ የተባሉት ካንሰር ሆነው የተገኙት ከሺህ ሦስት ያህሉ ብቻ ናቸው፤ የቀኙ ትልቁ እብጠታቸው በዚህ ውስጥ ነው። ደረጃ አራት ከተባሉት ውስጥ ከመቶ ዘጠኝ ያህሉ፣ ደረጃ አምስት ከተባሉት ደግሞ ከመቶ ሠላሳ አምስት ያህሉ ካንሰር ነበሩ። ከሁሉ በላይ በምንፈራው ደረጃ ውስጥ እንኳ ከሦስቱ ሁለቱ ካንሰር አይደሉም ማለት ነው።

ዕድሜ ልኩን ሲቸረችር ለኖረ ሰው ከመቶ ዘጠኝ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። ዝም ብለው ስክሪኑን ሲያዩ ቆዩና «ዘጠኙን አልፈራም» አሉኝ። «ከዘጠኙ አንዷ እኔ ብሆን ማን ያይልኛል? እኔ የምፈራው እሱን ነው።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እኔ ስለ ቁጥሩ ነበር የማስበው። ነገሩን እንዴት አድርጌ ልንገራቸው፣ ዘጠኝን ብዬ ላስፈራቸው ወይስ ዘጠና አንድን ብዬ ላጽናናቸው እያልሁ ነበር። እሳቸው ግን ቁጥሩን በአንድ ትንፋሽ ተቀብለው አለፉትና ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ያዙ። ከዓመት በኋላ ይመለሱ ብሎ ማዘዝ የሚያዋጣው የሚመለሱበት ቦታ፣ የሚያይላቸው ዓይንና የዛሬው ከነገው ጋር የሚነጻጸርበት መዝገብ ሲኖር ነው። ይህ በሌለበት «እንጠብቅ» የሚለው ቃል ሰውን መተው ይሆናል። ይህን ለመናገር ሐኪም መሆን አላስፈለጋቸውም።

ለምን አይቆረጥም?

የልጃቸውን ሐሳብ በቀላሉ ማጣጣል አልፈለግሁም። እናቱን ሩቅ አገር ሆኖ የሚሰማት ሰው፣ በገንዘቡ ሊያደርግላት የሚችለውን ትልቁን ነገር ነው ያቀረበው። ነገር ግን ዕጢው ሙሉ በሙሉ ከወጣ በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ፣ ሌቮታይሮክሲን የሚባል ኪኒን መዋጥ ግድ ነው፤ ኪኒኑ ከፋርማሲ የጠፋ ጊዜ አካል ይዝላል፣ ብርድ ያንቀጠቅጣል፣ ሐሳብ ይደነዝዛል። ከዕጢው ጀርባ የሚያልፉት ነርቮች ድምፅን የሚያዝዙ ናቸው፤ ከተነኩ ድምፅ ይሻክራል። ከጎኑ ያሉት አራት ትንንሽ ዕጢዎች የደምን ካልሲየም የሚጠብቁ ናቸው፤ ከተጎዱ እጅ እግር ይኮማተራል። ጥሩ ቀዶ ሐኪም ይህን ጉዳት በጣም ይቀንሰዋል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም። ለሚገባው ሰው ይህ ሁሉ ሊከፈል የሚገባ ዋጋ ነው። ከመቶ ዘጠና አንዱ በከንቱ እንዲከፍለው ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው።

በዚህ ረገድ ከደቡብ ኮሪያ የበለጠ ምስክር አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1999 አገሪቱ ብሔራዊ የካንሰር ቅድመ ምርመራ ጀመረች። ታይሮይድ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም፤ ሐኪም ቤቶች ግን በጥቂት ተጨማሪ ክፍያ የአንገት አልትራሳውንድ ማቅረብ ያዙ፤ ሕዝቡም በደስታ ተቀበለው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታይሮይድ ካንሰር ተገኘበት የተባለው ሰው ምጣኔ ከ1993ቱ 15 እጥፍ ሆነ። ይህ ሁሉ ካንሰር ተገኝቶና ተቆርጦ በታይሮይድ ካንሰር የሚሞተው ሰው ቁጥር ግን አልቀነሰም፤ እንደነበረ ቀጠለ። ከተቆረጡት ከመቶ 11 ያህሉ የካልሲየም ዕጢዎቻቸው ተጎድተው፣ ከመቶ 2 ያህሉ የድምፅ ገመዳቸው ሽባ ሆኖ ቀርቷል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንላለን፤ እዚያ የፈሰሰውን መልቀም እንኳ አልተቻለም።

ነገሩ የገባቸው ቀደም ብለውም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ አንድ የፊንላንድ ጥናት በሌላ ምክንያት የሞቱ 101 ሰዎችን ታይሮይድ በቀጫጭኑ እየከተፈ መርምሮ፣ ከሦስቱ ከአንዱ በሚበልጡት ውስጥ ማንም ያላወቀው ጥቃቅን ፓፒላሪ ካንሰር አግኝቷል። ጃፓን ኮቤ ከተማ ያለው ኩማ ሆስፒታል ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 1993 ጀምሮ፣ ካንሰር መሆኑ በመርፌ የታወቀ ከ1 ሳንቲሜትር ያልበለጠ ኖዱል ላለባቸው ሰዎች «አንቆርጠው፣ እንከታተለው» የሚል ምርጫ ሰጠ። 1,235 ሰዎች ተከትለው ሲታዩ፣ በ10 ዓመት ውስጥ ኖዱሉ በ3 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ያደገባቸው ከመቶ 8 ያህሉ፣ ወደ ንፍፊት የተሻገረባቸው ከመቶ 4 የማይሞሉ ነበሩ፤ በበሽታው የሞተ አልነበረም። የእኚህ እናት ኖዱል በሁለት ሚሊሜትር ይበልጣል፣ ካንሰርም አልተባለም፤ ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ አላውሳቸውም። የበሽታው ጠባይ ግን በአብዛኛው ለመጠበቅ ጊዜ ይሰጣል። ጊዜ የማይሰጡ የታይሮይድ ካንሰሮችም አሉ፤ በሳምንታት ውስጥ የሚያብጥ፣ ድምፅ የሚዘጋ፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ እብጠት ያለበት ሰው አንድ ቀንም መጠበቅ የለበትም።

ስለዚህ ምንም የማይሰማውን ሰው አንገት «ለማንኛውም እንየው» እያሉ በሙሉ ምርመራ ጥቅል ውስጥ አስገብቶ ማየቱን እቃወማለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው አባባል እውነት ነው፤ አንገቱ ላይ እብጠት የዳሰሰ፣ ድምፁ የተለወጠ፣ በልጅነቱ አንገቱ ላይ የጨረር ሕክምና የተደረገለት፣ ወይም ከቅርብ ዘመዶቹ የታይሮይድ ካንሰር የያዘው ሰው ያለው አይደብቅ፣ ይታይ። ያልታመመን ሰው ግን በማሽን አስፈልጎ ማሳመም ሌላ መንገድ ነው፤ ኮሪያ ሄዳበት አይተነዋል።

የደጋው እንቅርትና የሌላ አገር ቁጥር

አንድ ነገር ግን በሐሳቤ ውስጥ ሰላም አልሰጠኝም። የተጠቀምሁበት ነጥብ አሰጣጥ የተቀመረው በሌላ አገር አንገቶች ላይ ነው። የሐረርጌ ደጋ እንደ ብዙው የአገራችን ደጋ፣ ዝናብ አፈሩን ለዘመናት አጥቦ አዮዲኑን የወሰደበት ነው። አዮዲን ያነሰው ዕጢ ሆርሞኑን ለማምረት ይታገላል፤ ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢም ቲ ኤስ ኤች የሚባለውን ትእዛዟን እያበዛች ትገፋዋለች፤ ዕጢውም እየሰፋ በዘመን ብዛት ጓጎላ በጓጎላ ይሆናል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2011 ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ አውጥቷል፤ የዛሬዎቹ ልጆች ከዚያ ሊጠቀሙ ይችላሉ፣ በተለይ ጨው ቤት ውስጥ ተከድኖ ከእርጥበትና ከፀሐይ ርቆ ከተቀመጠ፣ ወጡም ሊወጣ ሲል ከተጨመረ። በዚህች እናት ልጅነት ግን ይህ አልነበረም።

ታዲያ አዮዲን ባነሰበት አገር ፎሊኩላር የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር ድርሻው ከፍ ይላል። ይህ ካንሰር በአልትራሳውንድ ላይ መልካም ገጽ ሊያሳይ ይችላል፤ ጠርዙ ለስላሳ፣ ቀለሙ ከጤነኛው ብዙም የማይለይ፣ ነጠብጣብ የሌለው ይሆንና ነጥቡ ዝቅ ይላል። መርፌውም ይቸገራል፤ ፎሊኩላር ካንሰርን ከጉዳት አልባው እብጠት የሚለየው የኖዱሉን ሽፋን ወይም የደም ሥሩን ሰብሮ መውጣቱ ስለሆነ፣ በቀጭን መርፌ የተቀዱ ሴሎች ብቻቸውን ይህን አይናገሩም። ስለዚህ በእኛ አገር «ነጥቡ ትንሽ ነው» ብሎ ትልቅና እያደገ የሚሄድ ድፍን ኖዱልን ችላ ማለት አይገባም እላለሁ። እንደዚሁም ብዙ ኖዱል ባለበት አንገት ትልቁን ብቻ ለክቶ መተው አደገኛ ነው፤ እያንዳንዱ በየራሱ መልክ ይመዘናል። ይህን ሁሉ ከማድረግ በፊት ደግሞ ቀላል የደም ምርመራ አለ፦ ቲ ኤስ ኤች ዝቅ ብሎ ከተገኘ ኖዱሉ ራሱ ሆርሞን እያመረተ ሊሆን ስለሚችል መንገዱ ይለያል፤ እንዲህ ያለው ኖዱል ካንሰር የሚሆነው ከስንት አንድ ነው። የእሳቸው ቲ ኤስ ኤች ትክክለኛ ልኩ ላይ ነበር።

ማን ያይልኛል

ወደ ፍርሃታቸው ልመለስ፤ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነውና። ክትትል የሚባለው ነገር ማነጻጸር ነው። አንድ ኖዱል አደገ የሚባለው ቢያንስ በሁለት አቅጣጫ ከመቶ 20 ሲጨምርና ጭማሪው ከ2 ሚሊሜትር ሳያንስ፣ ወይም ይዘቱ በግማሽና ከዚያ በላይ ሲጨምር ነው። ይህን ለማለት የፊተኛው ልኬት በሦስት አቅጣጫ መጻፍ አለበት፤ ኖዱሉ ያለበት ቦታም በትክክል መነገር አለበት። ከሌላ ቦታ ይዘው የሚመጡ ወረቀቶች ያጋጥሙኛል፦ «ብዙ ኖዱሎች ታይተዋል፣ ከሕመም ምልክቱ ጋር ይገናዘብ» ይላሉ፣ ያልቃል። ስንት ሚሊሜትር? በየት በኩል? ምን መልክ ያለው? ያን ወረቀት የያዘ ሰው ከዓመት በኋላ ሲመጣ፣ እንደ አዲስ የመጣ ሰው ነው። ያለፈው ዓመት ባክኗል፤ የባከነው ደግሞ ያለ ጥፋቱ በእሱ ነው።

ስለዚህ ለእኚህ እናት ዘገባውን ስጽፍ፣ የሚቀጥለውን ምርመራ የማደርገው እኔ እንዳልሆንሁ አድርጌ ጻፍሁት። ልዘዋወር፣ እሳቸውም ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ይችላሉ። በግራው ክፍል ታችኛ ሲሶ፣ 12 በ9 በ8 ሚሊሜትር፣ ድፍን፣ ጠቆር ያለ፣ ስፋቱ ከቁመቱ የበለጠ፣ ጠርዙ ለስላሳ፣ ነጠብጣብ የሌለው፣ አራት ነጥብ፣ ደረጃ አራት፣ ንፍፊቶች ጤነኛ። ከሥሩ በአማርኛ፦ ከዓመት በኋላ፣ ቀጥሎ በሁለተኛው፣ በሦስተኛውና በአምስተኛው ዓመት ይታይ፤ 15 ሚሊሜትር ከደረሰ ወይም መልኩ ከተለወጠ በመርፌ ናሙና ይወሰድ። ቀጠሮው ሳይደርስ መምጣት የሚያስፈልግበትንም ጨመርሁ፦ ሳምንታት የቆየ የድምፅ መሻከር፣ የመዋጥ ችግር፣ ፈጥኖ የሚያድግ እብጠት፣ በአንገት ጎን የሚዳሰስ አዲስ ንፍፊት። የታተመውን ሥዕል ከዘገባው ጋር በስልካቸው ፎቶ አንሥተው ለልጃቸውም በቴሌግራም ላኩለት።

ልጃቸው መልሶ ደወለና አንድ ነገር ጠየቀኝ፦ «ካንሰር ሆኖ ቢገኝ ይህ ዓመት አይጎዳትም ወይ?» እውነቱን ነገርሁት። አይሆንም ብዬ ልምልልህ አልችልም፤ ነገር ግን እንዲህ ዓይነት መልክና መጠን ያለው፣ ንፍፊት ያልነካ ኖዱል ካንሰር ሆኖ ቢገኝ እንኳ ከሁሉ የሚዘወተረው ዓይነት ቀስ ብሎ የሚሄደው ነው፤ በዓመት ውስጥ ከሕክምና ውጭ የመሆን ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው፤ ዛሬ ሙሉ ዕጢውን ብናወጣ የሚከተለው ግን ከነገ ጀምሮ እርግጠኛ ነው አልሁት። ትንሽ ቆይቶ «እንግዲያው በየዓመቱ የሚያመጣት እኔ ነኝ» አለ። ቀጠሮውን እሱ አገር ቤት በሚመጣበት ወር ላይ አደረግነው።

ይህን የምታነቡና በእጃችሁ የአንገት አልትራሳውንድ ውጤት ያለ ሰዎች፣ ወረቀቱን አውጥታችሁ እዩት። የቀኝ ወይም የግራ መሆኑ፣ ሦስቱ ልኬቶች፣ አምስቱ ምልክቶችና ደረጃው ተጽፎበት እንደሆነ አረጋግጡ። ከጎደለ ወደ መረመራችሁ ባለሙያ ተመልሳችሁ አስጽፉት፤ መብታችሁ ነው፣ ጊዜም አይወስድም። ለሚቀጥለው ምርመራ ስትሄዱ ደግሞ አዲሱን ትእዛዝ ብቻ ይዛችሁ አትግቡ፤ የፊተኛውን ወረቀትና ሥዕል ጄሉ ከመቀባቱ በፊት ለመርማሪው አሳዩት።